ለጉበት ካንሰር የተነጣጠረ ጨረር የወሰደ ወይም ቤተሰብ ያስወሰደ የወሎ ሰው አለ?

የደሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነን፣ ሆጤ አካባቢ። አባቴ 63 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ክረምቱን ሙሉ ቀኝ ጎኔን ከበደኝ ሲል ነበር። ትንሽ ጎርሶ ጠገብኩ ይላል። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ቆየ። በኋላ በአልትራሳውንድ ጉበቱ ላይ እብጠት ታየ፣ አዲስ አበባ ወስደነው ሲቲ ስካን ተነሳ። በቀኝ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ አለ። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበትም ያን ጊዜ ነው የሰማነው።

ጉበቱ ጠባሳ ስለያዘ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ተባልን። ሐኪሙ ዋይ ናይንቲ የሚባል ጨረር እዚህ ስለማይሠራ ውጭ ሀገር ነው፣ ሌላም አነጣጥሮ ከላይ የሚመታ ጨረር አለ፣ አቅሙ ካላችሁ ጠያይቁ አለን። ሁለቱ በምን ይለያያሉ ልለው ስል ቀጣዩ ታካሚ ገባ። አልፈርድበትም፣ ኮሪደሩ ሰው በሰው ነበር።

ቤታችን አሁን ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ ከግቢው ቆርሰን እንሽጥ ይላል። እናቴ ለግሸን ማርያም ተስላለች፣ እሱ ሳይደርስ የትም አይሄድም ባይ ናት። አባቴ ደግሞ "ለኔ ብላችሁ ቤት አትሽጡ" ይላል፣ ይህን ባለ ቁጥር ወንድሜ ተነስቶ ይወጣል።

ያለፈበት ሰው ነው የምፈልገው። ያማል ወይ? ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን ይሆናል? የልጅ ልጆቹን ማቀፍ ይችላል? ደጉንም ክፉውንም ጻፉልኝ፣ እንዳትሸነግሉኝ።

የሐይቅ ልጅ

አብሽሪ እህቴ። እናቴ ዋይ ናይንቲ ወስዳለች፣ ዴልሂ ነው ያስወሰድናት። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ሌላውም ያነበዋል።

ጨረር ሲባል እኛ የሚታየን ትልቅ ማሽን ሥር መተኛት ነው። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ኢትሪየም 90 የሚባል ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር የያዙ ደቃቅ የብርጭቆ ወይም የሬዚን ቅንጣቶች ናቸው። ስፋታቸው ከ20 እስከ 60 ማይክሮን ነው፣ በዓይን አይለዩም። በቀጭን ቱቦ በደም ቅዳ በኩል ጉበት ድረስ ይላኩና ዕጢው ውስጥ ባሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ላይ ይቀራሉ። እዚያው ሆነው ያቃጥሉታል። ዕጢውን እንዴት መርጠው ያገኙታል ብለን ስንጠይቅ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ስሎ አሳየን። ጤነኛው ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ፖርታል ቬን ነው። ዕጢው ግን በዋናነት ከደም ቅዳው ነው የሚጠባው። ስለዚህ በደም ቅዳው የተላከው ብዙው እሱ ጋ ይደርሳል። ጨረሩ ደግሞ ሩቅ አይሄድም፣ ከቅንጣቱ ዙሪያ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 11 ሚሊ ሜትር ነው።

ሁለት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር ሕክምና የለም፣ መንገድ ማየት ብቻ ነው። ቴክኒሺየም የሚባል ቀለል ያለ ነገር በዚያው ቱቦ ይልኩና ወዴት እንደሄደ በካሜራ ያያሉ። ወደ ሳንባ የሚያልፈው ከበዛ ሕክምናው ይቀራል። ወደ ጨጓራ የሚሄድ ቅርንጫፍ ካገኙም ይደፍኑታል፣ አለዚያ ጨጓራ ይቆስላል። ዋናው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በሰውየው ልክ ታዝዞ የሚመጣ ስለሆነ ቀጠሮ ማለፍ አይቻልም። ኃይሉ በ64 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ያማል ላልሽው፣ ሲሠራ አያምም። እናቴ እያወራች ነው የተሠራላት። በእጅ አንጓዋ ነው የገቡት። በብሽሽት የሚገባለትም አለ፣ እሱ ለሰዓታት እግሩን ሳያጥፍ በጀርባው ይተኛል። እሷ አንጓዋ ላይ አየር የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ አምባር አጠለቁላት። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች በመርፌ ጥቂት አየር ትመጥና ደም አለመውጣቱን ታያለች። እናቴን ያሳሰባት ግን ሌላ ነበር፣ ውዱእ እንዴት ላድርግ ነው ጭንቀቷ። ሐይቅ ደውለን የሰፈራችንን ሸህ ጠየቅን። ያለ ውሃ በንጹህ አፈር የሚደረገው ተየሙም ይበቃታል አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕጢው እንኳ አልጠየቀችም።

የከበደው ከተመለስን በኋላ የመጣው ድካም ነው። ድካም ስልሽ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሄዳ ስትመለስ ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። ማቅለሽለሽ፣ ትንሽ ትንሽ ትኩሳት፣ ቀኝ ጎኗ ላይ ሕመም። ምግብ ሸተተኝ አለች፣ ወጥ ሲሠራ ሌላ ክፍል ትገባለች። ሳምንታት ቆይቶ ነው ሰው የሆነችው።

የልጅ ልጆችን በሚመለከት፣ ለጥቂት ቀናት ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቧ ብዙ እንዳይቀመጡ፣ አንድ አልጋ ላይ እንዳይተኙ ነው የተባልነው። አብዛኛው ጨረር በ11 ቀን ውስጥ ያልቃል። ችግሩ የኛ ሰው ነው። መጣች ሲባል ሐይቅ ግማሹ ቤታችን ገባ። ሊስማት የማይፈልግ የለም፣ ነፍሰ ጡሯ የአክስቴ ልጅ ደግሞ እግሯ ሥር ካልተቀመጥኩ አለች። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ "ከሩቅ፣ ከሩቅ" ሲል ዋለ፣ የተቀየሙትም አሉ። እናንተ ጠያቂውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። አየር ማረፊያ ላይ የጨረር መፈተሻ ሊጮህ ስለሚችል ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ጠይቁና በእጅ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት።

ሾፌሩ ከኮምቦልቻ

እኔ ራሴ ታማሚው ነኝ። ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እነዳ ነበር። የወሰድኩት ሁለተኛውን ነው፣ ከላይ የሚመታውን። ኤስ ቢ አር ቲ ይሉታል። ቱርክ ያለ ዘመዴ ነው ያሳከመኝ፣ ዕድሜ ይስጠው።

ይሄኛው መርፌም ቱቦም የለውም። እኔ ግን ቀድሞ በመርፌ ትንንሽ የወርቅ ምልክቶች ጉበቴ ውስጥ ዕጢው አጠገብ ተደርገውልኛል፣ ማሽኑ በነሱ ነው የሚያነጣጥረው። (ሚስቴ ይሄን ከሰማች ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ወርቅ አለው እያለች ትስቃለች።) ከዚያ ቅርጽ ይወሰዳል። የሆነ ከረጢት ላይ አስተኝተው አየሩን ሲመጡት ድርቅ ብሎ የጀርባህን ቅርጽ ይይዛል። በየቀጠሮው እዚያችው ውስጥ ትገባለህ፣ ጣት ታህል አትነቃነቅም። ሆድህ ላይ ቀበቶ ያጠብቃሉ፣ ምክንያቱም ጉበት በተነፈስክ ቁጥር ወደ ታች ወደ ላይ ይሄዳል። ማሽኑ ዕጢውን ስቶ ጤነኛውን እንዳይመታ ነው። ቆዳዬ ላይ በቀለም መስመር አስምረውብኝ እንዳትፈገፍገው አሉኝ። ያን ሰሞን ሰውነቴን በእርጥብ ፎጣ እየዳበስኩ ነው የከረምኩት።

ብዙ ሰው ጨረር ሲባል ወር ሙሉ የሚመላለሱበት ይመስለዋል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀጠሮ ነው፣ በእያንዳንዱ የሚሰጠው ግን ከባድ ነው። ምንም አይሰማም። ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ ተነስ ይሉሃል፣ ጫማህን አድርገህ ትወጣለህ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ ነበር፣ ድካሙ በኋላ መጣ። እንቅልፍ፣ እንቅልፍ፣ እንቅልፍ።

እንዳትሸነግሉኝ ስላልሽ እውነቱን ልንገርሽ። የተመታው ዕጢ ሞቷል። ከዓመት በላይ ንጹህ ነበርኩ፣ በኋላ ግን ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ነገር ወጣ። ጉበቱ ራሱ ታማሚ ነው፣ አንዱን ብትመታው ሌላ ሊያበቅል ይችላል ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። አሁን በሚዋጥ መድኃኒት ላይ ነኝ። መኪናውን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እስከ ባቲ ድረስ እሸኘዋለሁ። ያንን ዓመት በምን እለውጠዋለሁ ብትይኝ፣ ልጄን ድሬበታለሁ።

ነርስ ነኝ፣ የወልድያ ልጅ

አዲስ አበባ ካንሰር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለቱ ወንድምና እህት በደንብ ጽፈዋል። እኔ የምጨምረው ሰው ሁሉ ስለ ዕጢው መጠን ብቻ ማውራቱን ነው። 6 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ሳንቲ ሜትር። የሚወስነው ግን የቀረው ጉበት አቅም ነው። ጨረር ዕጢውን ሲመታ ጤነኛውም ክፍል ትንሽ ይጎዳል። የቀረው ደካማ ከሆነ ዕጢው ሞቶ ሰውየው በጉበት መድከም ይሄዳል። ይህን አይቻለሁ።

ስለዚህ የደሴዋ፣ ወረቀቶቹን አውጪና እነዚህን ፈልጊ። ቢሊሩቢን (ጉበት ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛው ቢጫ ነገር) ስንት ነው? ከ2 በላይ ከሆነ ዋይ ናይንቲ የሚሠሩ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ያመነታሉ። አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ስንት ነው? አይ ኤን አር የሚባለው የደም መርጋት ምርመራስ? ሆዱ ውሃ ቋጥሯል? ይዘባርቃል፣ ሌሊት ይነቃል ቀን ይተኛል? እነዚህ አምስቱ ተደምረው ቻይልድ ፒው የሚባለው ደረጃ ይወጣል። ኤ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፣ ቢ ከሆነ በጥንቃቄ፣ ሲ ከሆነ ጨረር ጉዳቱ ያመዝናል። በተጨማሪ ሲቲው ላይ ፖርታል ቬን ውስጥ ዕጢ ገብቷል ወይ የሚለውን እይ። ከጉበት ውጭ ተሰራጭቷል ወይ የሚለውንም።

ሲቲው ራሱ ባለ ሦስት ዙር መሆን አለበት። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ከተወጋ በኋላ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ የሚነሳ ማለት ነው። የጉበት ካንሰር በመጀመሪያው ዙር ቦግ ይልና በኋላ ይደበዝዛል፣ ብዙ ጊዜ ከጉበቱ ናሙና ሳይወሰድ በዚህ ብቻ ይታወቃል። አንድ ዙር ብቻ የተነሳ ከሆነ ውጭ ያሉት ድጋሚ ያስነሱታል።

ሀገር ውስጥስ ለሚለው፣ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፣ ያውም በድሮው የኮባልት ማሽን። አሁን ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው ዘመናዊ የጨረር ማሽን ገብቷል፣ ጅማም አለ። ግን ማሽኑ መኖሩና ለጉበት ትንፋሽ እየተከታተሉ አነጣጥሮ መምታት ለየቅል ናቸው። ሪፈር ሲጻፍላችሁ "ለጉበት የተነጣጠረ ጨረር ትሰጣላችሁ ወይ" ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወረፋ ይዛችሁ ከመክረማችሁ በፊት።

የመርሳው

እኔ ያየሁት እንደናንተ አይደለም። ወንድሜን ይዤ ሄጄ ሳይሠራለት ነው የተመለስነው። እዚህ ሆኖ ያገናኘን ደላላ ነበር፣ ሁሉ ነገር አልቋል፣ ገብቶ መውጣት ነው ብሎን። እዚያ ስንደርስ የደም ምርመራ አዩ፣ ሆዱን ነካኩት፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ቢሊሩቢኑ ወጥቷል፣ አንሠራም አሉ። ሐኪሞቹን አመሰግናለሁ፣ ገንዘባችንን በልተው ሊገድሉት ይችሉ ነበር። ያቃጠለኝ ያ ደላላ ነው። ወረቀቱን ቀድሞ ልኮ ቢሆን ኖሮ በዋትሳፕ መልስ የሚገኝበት ነገር ነበር። ደላላው ግን የሚከፈለው ሰው ሲያመጣ ነው፣ አይሆንም ማለት አይጠቅመውም።

ወንድሜ አገሩ ላይ ቡና እየጠጣ መሞት ነበር የሚፈልገው፣ ሆቴል ውስጥ ደረቅ ዳቦ እየበላ ከረመ። አላህ ይዘንለት።

ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ወረቀቱን ላኩ። አፈር ስሆን።

ጦሳ ሥር

ፋርማሲስት ነኝ። አትሽጡ ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ግን ምክንያቴን ልጻፍ።

ስለ ዋይ ናይንቲ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። ሌጋሲ የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። አንድ ነጠላ ዕጢ፣ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ጉበታቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው የገቡበት። ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 86.6 ከመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር የሚሸጡላችሁ ሰዎች የማይነግሯችሁ ግን የዕጢዎቹ መካከለኛ መጠን 2.7 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ነው። ከፊሎቹ ኋላ ላይ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል ወይም ጉበት ተቀይሮላቸዋል። በሌላ በኩል ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ሳራ የተባለው ጥናት በሽታው የገፋባቸውን ወስዶ ሶራፌኒብ ከሚባለው የጉበት ካንሰር እንክብል ጋር አወዳደረ። ዕድሜ ላይ ለውጥ አልታየም። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በጨረሩ ወገን ያነሰ ነበር። ከላይ ለሚመታው ደግሞ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት ሶራፌኒብ ብቻ የወሰዱት 12.3 ወር፣ ጨረር የተጨመረላቸው 15.8 ወር ሆኗል መካከለኛው ዕድሜያቸው። ያ ጥናት አብዛኞቹ በጣም የገፋባቸው ነበሩ።

አባትሽ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ነው ማወቅ ያለብሽ። አንድ ዕጢ፣ ደህና ጉበት፣ ንጹህ ፖርታል ቬን ከሆነ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። የገፋ ከሆነ ግን በሺዎች ዶላር የሚገዛው ነገር ወራት ነው፣ እነዚያን ወራት ደግሞ እናትሽ ቤት አልባ ሆነው ነው የሚያስታምሙት።

የሐይቅ ልጅ

ጦሳ ሥር፣ ቁጥርህ ልክ ነው። ግን "ወራት ነው" ስትል እንደ ምንም አትበለው። እናቴ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ረመዳን ጾማለች። ሐኪሙ አትጹሚ ብሏት ነበር፣ ማን ይከለክላታል።

ጦሳ ሥር

ልክ ነሽ። የእኔም ነጥብ ወራት አይረባም አይደለም፣ በማን ቤት ተከፍሎ ነው የሚለው ነው።

ሰኞ ገበያ

ይሄ ሁሉ ምንድን ነው። የወፍ በሽታ የሚያድን አዋቂ አለ፣ ቅጠሉን ጨምቆ በሦስት ቀን ያስተውከዋል። ጎረቤቴ ድኗል። የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ።

ነርስ ነኝ፣ የወልድያ ልጅ

ሰኞ ገበያ፣ ጎረቤትህ የዳነው ከሄፓታይተስ ኤ ይሆናል፣ እሱ ያለ ቅጠሉም በራሱ ይለቃል። የጉበት ካንሰር ሌላ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ ጠጥተው ቢሊሩቢናቸው ጣሪያ ነክቶ የመጡ፣ የተያዘላቸው የጨረር ቀጠሮ የተሰረዘባቸው ሰዎች አሉ። የደሴዋ፣ ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ጸበሉን ማንም አይከለክልም። ግን የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ከተጀመረ ጸበል ነኝ ብሎ ማቋረጥ የለም። ሄፓታይተስ ቢ በጨረር ጊዜ ሊነሳበት ስለሚችል መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ነው የሚቀጥለው።

የአራዳ ልጅ ደሴ

ጥያቄ አለኝ፣ ቡና ይከለከላል? አጎቴ ጉበት አለብህ ከተባለ ጀምሮ ቡና ከልክለውት ሊያብድ ነው።

ጦሳ ሥር

ኧረ በአላህ፣ ስጡት! ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳም ካንሰርም ያነሰባቸው መሆኑ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ስኳሩን ቀንሱለት እንጂ ቡናውን ተዉለት። ጫት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐረር ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር መያያዙን አሳይቷል። አረቄውንም ሙሉ በሙሉ ያቁም። ሻጋታ የያዘ በቆሎ፣ ማሽላና ኦቾሎኒም እንዳይበላ። ጉድጓድ ውስጥ ረጥቦ የከረመ እህል ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። እኛ ጋ ሻጋታውን አራግፎ ማስፈጨት የተለመደ ነው፣ መርዙ ግን በማራገፍ አይሄድም፣ በመጋገርም በቀላሉ አይጠፋም።

የደሴዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከነወንድሜ አየናቸው። ነርሷ ያልሽውን አንድ በአንድ። ቢሊሩቢን 1.2። ሆዱ ውሃ የለውም። ፖርታል ቬን ክፍት ነው ይላል። ዕጢው አንድ ነው። ሲቲው ሦስት ዙር ነው። ቻይልድ ፒው ኤ ተብሎ ታች በእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር፣ ዓይናችን ሥር ሆኖ ማንም አላነበበልንም። ጦሳ ሥር፣ ሐሳብህን ትቀይራለህ?

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ይህን ውይይት ሙሉውን አነበበው። የመርሳውን ሲያነብ ዝም አለ። የሾፌሩን ሲያነብ ሳቀ፣ "ወርቅ" የሚለው ላይ። ከዚያ የመምህር ነገር ሆኖበት የጥናቶቹን ቁጥሮች ደብተር ላይ ገለበጣቸው።

ጦሳ ሥር

ቀይሬያለሁ። 6 ሳንቲ ሜትሩ ቀላል አይደለም፣ ግን መጠየቅ ያለበት ሰው ናቸው። አሁንም ሳትሸጡ መጀመሪያ መልስ አግኙ።

ሾፌሩ ከኮምቦልቻ

ሰላም በያቸው ለአባትሽ። ወርቁ አሁንም እዚያው ነው በያቸው፣ አይወጣም፣ ሚስቴ ውርስ ውስጥ አስገብታዋለች።

ቁምነገሩ፣ ሁለት ቦታ ጠይቁ። አንዱ ዋይ ናይንቲ የሚሠራበት፣ አንዱ ከላይ የሚመታበት። እያንዳንዱ የራሱን ያመሰግናል። እኔን ዕጢዬ ለጨጓራ ቅርብ ቢሆን ኖሮ አይሠራልህም ነበር ብለውኛል፣ አንጀትና ጨጓራ ይህን ያህል ጨረር አይችሉም። ስለዚህ ቦታውን አስዩ። ደግሞ ጨርሳችሁ ስትመለሱ ወዲያው ተነስቶ ዕጢው አልቀነሰም ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ከ3 ወር በፊት ያለው ሥዕል ያሳስታል። መጀመሪያ ያበጠ ሊመስል ሁሉ ይችላል።

ነርስ ነኝ፣ የወልድያ ልጅ

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እናንተ ተመርምራችኋል? እናትሽ፣ አንቺ፣ ወንድምሽ፣ የአባትሽ እህትና ወንድሞች? ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው የሚተላለፈው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የተወለዱት በክትባት ፕሮግራሙ ውስጥ ይሸፈናሉ፣ ትልልቆቹ ግን አልተከተቡም። የሌለበት ይከተባል፣ ያለበት ክትትል ይጀምራል። ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድና ኤ ኤፍ ፒ የሚባል የደም ምርመራ ያደርጋል፣ ዕጢው ቢመጣ እንኳ በ2 ሳንቲ ሜትር ሊያዝ ይችላል። በዚያ መጠን ሕክምናው ሰፊ ነው።

የደሴዋ

እናቴና እኔ ነጻ ነን፣ የመጀመሪያውን ክትባት ወስደናል። ወንድሜ ፖዘቲቭ ሆነ። ቤት እንሽጥ ሲል የነበረው እሱ ነው። አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ጎረቤታችን አለቀሰ፣ እኛ ደርቀን ቆመን።

የግሸኑን ስእለት በተመለከተ እናቴ ለመስከረም እንዲቆይ ተስማምታለች። የሐይቅ ልጅ፣ ዴልሂ የላካችሁት ምን ምን ነበር? ሰኞ እንልካለን።

የሐይቅ ልጅ

የሲቲውን ሲዲ ሙሉውን፣ የወረቀት ሪፖርቱን ብቻ አይደለም። ምስሉን ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። ሲዲውን ሁለት ኮፒ አስደርጉ፣ አንዱ ቤት ይቅር። የቅርብ ጊዜ ሙሉ የጉበት ምርመራ፣ የደም ሴል ቁጥር፣ አይ ኤን አር፣ ኤ ኤፍ ፒ፣ የኩላሊት ክሬአቲኒን፣ እሱ ለኮንትራስቱ ያስፈልጋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መጠን። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ከነመጠኑ። ዋጋ ሲልኩ የመጀመሪያውን ዙር፣ የቅንጣቱን ዋጋና የአልጋውን ለየብቻ እንዲጽፉ ጠይቂ፣ አንዳንዱ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ይጽፍና በኋላ ይጨምራል። የምንዛሬውን ነገር ደግሞ ባንክ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይጠይቃል፣ እሱን ከአሁኑ ጀምሩ፣ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

በውስጥ ስልኬን ልኬልሻለሁ። ከመግሪብ በኋላ ደውዪ።